የኔዝካ ምላካር ደጃፍ

ተራራ ላይ ባለችው ኮርዴሊያ ከተማ በረዶ መጣል የሚጀምረው ገና መስከረም ሳያልቅ ነው፤ የሚያቆመው ደግሞ ሰው መቼም አያቆምም ብሎ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ኦርቫል ትሬምባት በረዶ ባደረ ቁጥር ሊነጋጋ ሲል ይነሣል። ጫማውን ያጠልቃል፣ አካፋውን ከበሩ ኋላ ያወጣል፣ መንገዱን ያቋርጥና የወይዘሮ ኔዝካ ምላካርን ደጃፍ ይጠርጋል። ከደረጃው እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ። የራሱን የሚጠርገው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ጉልበት ከተረፈው። ዘንድሮ ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቶታልና የሚተርፈው አልፎ አልፎ ነው።

ይህን ሲያደርግ ሃምሳ አንድ ክረምት ሆነው። ማንም አላዘዘውም። ለምን ብሎ የጠየቀውም የለም፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ኮርዴሊያ ውስጥ አልነበረምና። ሟች ሚስቱ ሎርና ብቻ አንድ ቀን፣ እግሩን ምድጃው ላይ ዘርግቶ ሲሞቅ አይታው፣ "እኔን ያገባኸኝ ከሷ ደጃፍ ስትመለስ የምትሞቅበት ቤት ፈልገህ ነው እንዴ?" አለችው። ስትጀምረው እየሳቀች ነበር፤ ስትጨርሰው ግን ሳቁ አልነበረም። ሎርና ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኦርቫል መልሱን አሁንም አላገኘውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምረው። በዚያ ዘመን ኮርዴሊያ የብር ማዕድኗ ያለቀባት፣ እርሳስና ዚንክ ግን ገና የሚቆፈርባት ከተማ ነበረች። ጉድጓድ የሚገባ ሰው ሁሉ ቁጥር የተቀረጸበት ክብ ናስ አለው። ሲገባ ናሱን ከጉድጓዱ አፍ ካለው ባለሚስማር ሰሌዳ ያነሣል፣ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ፈረቃው አልቆ አንድ ሚስማር ባዶ ከሆነ አንድ ሰው ከመሬት በታች ቀርቷል ማለት ነው፤ ያ ሰው እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የኮርዴሊያ ልጅ ጸሎት ሳያውቅ ይህን ያውቃል።

ኦርቫል ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ወሩ መጋቢት፤ የሐይቁ በረዶ ሊቀልጥ ሳምንት ቢቀረው ነው። በረዶውን ሰርስሮ ዓሣ ለማጥመድ የቀረው ቀን ያ ብቻ መሰለው። ከጉድጓድ ወጥቶ ልብሱን ሲቀይር ናሷን የለበሰው ሱሪ ኪስ ውስጥ ከትቶ ረሳት፤ መኪናውን አስነሥቶ ከተራራው ማዶ ወዳለው ሐይቅ በረረ። ሦስት ዓሣ ያዘ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ የጉድጓዱ አፍ ላይ ሰውና መብራት ተሰብስቦ አየ። መኪናውን አቁሞ ወረደና አጠገቡ የቆመውን ሰው፣ "ማነው የጠፋው?" ሲል ጠየቀ።

"አንተ ነህ" አለው ሰውዬው።

ኦርቫልን ፍለጋ ከወረዱት አንዱ የወይዘሮ ኔዝካ ባል ሎይዜ ምላካር ነበር። ኦርቫል ወደሚሠራበት መተላለፊያ ቀድሞ የገባውም እሱ ነው። ፈረቃው ሲያልቅ የተተኮሰው ፈንጂ ጣሪያውን አላልቶት ኖሮ ድንጋዩ ተንዶ ገደለው። ሬሳውን ሲያወጡት ኦርቫል ናሷን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ሄዶ ሰሌዳው ላይ ሰቀላት። ሁሉም አየው፤ የተናገረው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ከተማው ስለዚያ ቀን ሲያወራ "ያ ሰው" ይላል እንጂ ስም አይጠራም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኦርቫል ጆሮ ግን "ያ ሰው" የሚለውን ቃል ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር።

ወይዘሮ ኔዝካ ያኔ ሠላሳ ዓመቷ፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት ነበረች። በመጪው መስከረም የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ኦርቫል አካፋውን ይዞ ሄደ። ቀና ብሎ መስኮቷን አላየም። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሳ ተመለሰችና በሚቀጥለው በረዶ እላታለሁ አለ። በሚቀጥለውም እንደዚያው። እንዲህ እንዲህ ሲል ጉድጓዱ ተዘጋ፣ የሷ ልጆች አግብተው ሄዱ፣ የሱም ሚስት ሞተች። ቃሏ እዚያው ጉሮሮው ላይ ናት። አሁን የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከመሞቱ በፊት ወይዘሮ ኔዝካ ይቅር ብዬሃለሁ እንድትለው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ስልኩ ጮኸ።

"ኦርቫል" አለችው፤ ሰላምታ አታበዛም። "መኪናህ ይሠራል?"

"አዎ፣ ይሠራል ወይዘሮ ኔዝካ።"

"ሙዚየሙ ለሎይዜ ክፍል ከፍቷል አሉ። ኃላፊዋ ልጅ ካላየሽው ብላ ነዘነዘችኝ። ሐሙስ ውሰደኝ።"

በሃምሳ አንድ ዓመት አንድ ነገር ጠይቃው አታውቅም። ኦርቫል ስልኩን ከዘጋ በኋላ ቁጭ ብሎ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ እንዲህ ሲል ወሰነ፤ እዚያ፣ ከባሏ ፎቶ ሥር፣ በሰው ፊት፣ "ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፉት" እላለሁ። ያን ጊዜ እሷም ቃሏን ትሰጠኛለች። ሐሙስ እስኪደርስ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ሐሙስ ወይዘሮ ኔዝካ ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባለአራት እግሩን ምርኩዝ እየገፋች ትሄዳለች። ኦርቫል ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ፣ "ምርኩዙን ያዝልኝ፤ እኔ ራሴን እይዛለሁ" አለችው። ሙዚየሙ ያለው እሱ ፊደል የቆጠረበት አሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ መንገዱ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ለኦርቫል ግን እስከ ዴንቨር የነዳ ያህል ረዘመበት።

ትኬት ቆራጩ ሃርላን ነበር፤ ከኦርቫል ጋር በአንድ ፈረቃ የሠራ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ገና በሩ ላይ ሲያያቸው ተነሣ።

"አንተማ አትከፍልም" አለው ኦርቫልን። "አንተ እኮ ከዕቃው አንዱ ነህ። ቁጥር ለጥፈን ጥግ ላይ እናቆምሃለን።"

"አንተን መጀመሪያ አቁመውህ ሰው ፈርቶ ነው የቀረው" አለው ኦርቫል።

"ወይዘሮ ኔዝካ፣ እንኳን ደህና መጡ። ጉልበትዎ እንዴት ነው?" አለ ሃርላን።

"ጉልበት አለኝ ያለህ ማነው?"

ሃርላን ሳቀ። ሙዚየሙ ለጎብኚ ሁሉ ሲገባ አንዳንድ ናስ ይሰጣል፤ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ መልሶ እንዲሰቅል። ልጆች ይወዱታል። ሃርላን ሁለት ናስ አንሥቶ ሰጣቸውና ሁለት ዓመት ሙሉ ለጎብኚ ሁሉ ሲደጋግመው የኖረውን ነገር በልማድ ተናገረ፤ "ስትወጡ መስቀሉን እንዳትረሱ። የረሳ ሰው ጣጣ ያመጣል።"

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ሃርላን ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ የሚያየው አጥቶ የትኬቱን ጥቅል ማገላበጥ ጀመረ። ኦርቫል ናሷን እንደጨበጠ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወይዘሮ ኔዝካ የሷን ናስ በቦርሳዋ ከተተችና፣ "ና እንሂድ፤ ቆሜ አልውልም" አለችው።

በክፍሎቹ አለፉ። አንዱ ክፍል ውስጥ ከሰም የተሠራ ቆፋሪ ቁጢጥ ብሎ ሥጋና ድንች የተሞላበት ሳምቡሳ የመሰለ ዳቦ ይበላል። ፊቱ ታጥቧል፣ ጥፍሩ ንጹሕ ነው። ኦርቫል አይቶት ደከመው። ሃያ ሁለት ዓመት ጉድጓድ ገብቶ አንድም ቀን እንደዚህ ያለ ሰው አላየም። ከግድግዳው ውስጥ በድምፅ ማጉያ የመዶሻና የፉርጎ ድምፅ ይመጣል፤ ዝም ሲል ደግሞ ሙዚቃ ይለቁበታል። ጉድጓድ ውስጥ ሙዚቃ የለም። ያለው የሚንጠባጠብ ውሃና የራስ ሳል ነው፤ እሱን የሚሰማው ደግሞ ትኬት ሳይቆርጥ በየሌሊቱ ነው።

ወይዘሮ ኔዝካ በየአሥር እርምጃው ትቆማለች። አግዳሚ ወንበር ባገኘች ቁጥር ትቀመጣለች። አንድ ቦታ የከተማዋ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሠላሳ ሺህ ሰው፣ ሦስት ቲያትር ቤት፣ ባለአምስት ፎቅ ሆቴል። አሁን ሆቴሉ የእርግብ ነው።

"ይሄን ሁሉ ሰው ምን በላው?" አለች ፎቶውን እያየች።

"ዋጋው ወደቀ፣ ሄዱ።"

"ብልሆቹ ሄዱ በለኝ።"

ኦርቫል አብሯት ተቀመጠ። ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እዚያ እላለሁ ብሏል፤ ከባሏ ፎቶ ፊት።

የሎይዜ ክፍል መጨረሻ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። የሙዚየሙ ኃላፊ ዴላኒ በሩ ላይ ትጠብቃቸው ነበር። ከኦሃዮ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራ የምትወድ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት። ግድግዳው ላይ የሎይዜ ፎቶ አለ፤ ከኮፍያው ሥር አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይስቃል። ከሥሩ የምሳ ዕቃው፣ አሁን ገና ያጠፋው የሚመስለው መብራቱ፣ የሚጫወትባት አኮርዲዮን። ወይዘሮ ኔዝካ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው። አላለቀሰችም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ በተወለደችበት ሀገር ቋንቋ ነበር መሰለኝ፣ ኦርቫል ምን እንዳለች አልሰማም።

ዴላኒ ጥቂት ታግሣ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነበር" አለች። "መግለጫው ላይ 'ናሱን መስቀል የረሳ አንድ ባልደረባውን ሲፈልግ' ይላል። ጎብኚ ሁሉ ማን ነበር እያለ ይጠይቀኛል። መዝገቡ ላይ የዚያ ቀን ገጽ የለም፤ ሰዉም አይነግረኝም። አቶ ትሬምባት፣ እርስዎ በዚያ ጊዜ እዚያ ይሠሩ ነበር። ስሙን ያውቁታል?"

ኦርቫል ኮፍያውን አወለቀ። "ያ ሰው..." አለ። "ያ ሰው እንግዲህ..."

"ልጄ" አለች ወይዘሮ ኔዝካ ዞር ሳትል፤ "ጉሮሮዬ ደረቀ። ውሃ ታመጪልኝ? ለብ ያለ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ጥርሴን ያመኛል።"

ዴላኒ እሺ ብላ ወጣች። እርምጃዋ እስኪርቅ ወይዘሮ ኔዝካ ጠበቀች።

"ምን ልትል ነበር?"

"ስሜን ልነግራት ነበር። እንዲጻፍ።"

"የት? እዚህ?"

"አዎ። ሰው ይወቀው ብዬ ነው። እስከ መቼ..."

"ተው ኦርቫል" አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። "ግቢዬ ውስጥ አለህ። መስኮቴ ላይ አለህ። ይሄ አራት ግድግዳ የሎይዜ ነው። እዚህም ልትገባብኝ ነው?"

ኦርቫል ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዞረዋል። ብዙ ነገር ጠብቆ ነበር፤ እንባ፣ ቁጣ፣ እርግማንም ቢሆን። ይሄን አልጠበቀም።

"እኔ እኮ... ይቅር እንዲሉኝ ነው ወይዘሮ ኔዝካ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ይቅር እንድልህ?" ቀና ብላ አየችው። "ድሮ ብዬሃለሁ እኮ። በዚያው ዓመት፣ ለፋሲካ። ሎይዜ ራሱ ሁለቴ ናሱን ኪሱ ውስጥ ረስቶ ቤት ይዞት መጥቷል። አንዴ አኮርዲዮን ሊጫወት ቸኩሎ፣ አንዴ እንዲያው ዝም ብሎ። ሰሌዳው ሳይቆጠር በሌሊት ልብሱ ሮጦ ነው የመለሰው። የሞተበት ሰው ስለሌለ ማንም አላወቀበት። ያንተ ዕድል ሆኖ ነው እንጂ የማይረሳ ማን አለ?"

"ታዲያ ለምን... ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠየቅኸኝ? አንገትህን ደፍተህ ትመጣለህ፣ አንገትህን ደፍተህ ትሄዳለህ። መጀመሪያ ይተዋል አልኩ። አልተውክም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብነግረው ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። ልጆቼ 'ያ ሰውዬ ማነው' ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ጥሩ ጎረቤት ነው አልኳቸው። ከፑዌብሎ ከተማ አንድ ሰው ሊያገባኝ ይመላለስ ነበር። ደህና ሰው ነበር። አንድ የበረዶ ቀን መስኮት ላይ ቆሞ 'እዚያ የሚጠርገው ማነው?' አለኝ። ነገርኩት። ሁለተኛ አልመጣም። ያንን አካፋ ስሰማ ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ሎይዜ አንድ ጊዜ ነው የሞተው ኦርቫል። አንተ ግን በረዶ በጣለ ቁጥር ታመጣዋለህ።"

ኦርቫል አጠገቧ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሃምሳ አንድ ክረምት የሷን ሸክም የተሸከመላት መስሎት ነበር።

"አላወቅኩም" አለ።

"አውቃለሁ። አንተን ተሸክሜ ነው ያረጀሁት። አሁን ደከመኝ፤ አልችልም።"

ዴላኒ ውሃውን ይዛ ተመለሰች። ወይዘሮ ኔዝካ ሁለት ጊዜ ተጎነጨችና ብርጭቆውን መለሰችላት። ዴላኒ ኦርቫልን አየችው። "ስሙን ሊነግሩኝ ነበር አቶ ትሬምባት።"

ኦርቫል ፎቶውን አየ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቀውን። ምላሱ ላይ የነበረውን ሁሉ ዋጠው። "ረስቼዋለሁ" አላት። "እንዳለ ተይው። ደህና ነው የተጻፈው።"

ልጅቷ ቅር አላት፤ ማስታወሻዋን ግን አጠፈች።

ሲወጡ ናሶቻቸውን ሰቀሉ። ሃርላን አንገቱን ደፍቶ ትኬት ይቆጥር ነበር፤ ትኬቱ ያንን ያህል ባይሆንም። መኪናው ውስጥ ወይዘሮ ኔዝካ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች፤ ኦርቫል የተኛች መስሎት ቀስ ብሎ ነዳ። በሯ ላይ ሲደርሱ ምርኩዙን አወረደላት። ክንዷን ሊይዝ አልሞከረም።

"ነገ ይጥላል ይላል ራዲዮው" አለች።

"አዎ፣ ሰምቻለሁ።"

"እንዳትመጣ።"

"እሺ።"

"ከዚያ ወዲያም።"

"እሺ ወይዘሮ ኔዝካ።"

ገብታ በሩን ዘጋችው። ኦርቫል መኪናውን መንገዱን አሻግሮ የራሱ በር ላይ አቆመና ሞተሩን አጥፍቶ እዚያው ብዙ ተቀመጠ። ይቅርታውን አግኝቷል። እንደሚያገኘው ባሰበው መንገድ ግን አላገኘውም፤ ደስ ይበለው ወይ ይክፋው ማወቅ አቃተው።

በሌሊት ጣት የማያህል በረዶ ጣለ። ኦርቫል እንደ ልማዱ ሊነጋጋ ሲል ነቅቶ ጫማውን አጠለቀ፤ ከዚያ ትዝ አለውና መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከሥራ የተባረረ ሰው የሚሰማው ሁሉ ተሰማው፤ አፈረ፣ ተናደደ፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ብትወድቅስ? ብትንሸራተትስ? ሁለት ጊዜ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ መልሶ ተቀመጠ። የጫማውን ክር ፈታ፤ መልሶ አሰረው።

ፀሐይ ተራራውን እንዳለፈች የወይዘሮ ኔዝካ በር ተከፈተ። ሮዝ የቤት ልብሷ ላይ ካፖርቷን ደርባለች፤ በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት ይዛ በሌላው መጥረጊያ ይዛለች። በረዶውን ከደረጃው ላይ ገፋ ገፋ አደረገችና ቆመች። እስከ አጥሩ አልሄደችም፣ እስከ አስፋልቱም። መጥረጊያውን ተደግፋ ግቢዋ ላይ ማንም ያልረገጠውን በረዶ ዙሪያውን አየችው። ፊቷን ለፀሐይዋ ሰጥታ ትንፋሿ እየጨሰ ብዙ ቆየች። ኦርቫል በዚያ ሁሉ ክረምት ውስጥ በበረዶ ማለዳ ደጃፏ ላይ ቆማ አይቷት አያውቅም ነበር።